ለብ ያለ ነፋስ አልቀበልም

ከሚሴ፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ከማል፣ ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። በሰው አገር ጤናህንና ክብርህን አላህ ይጠብቅልህ። እኛ ደህና ነን፤ ክረምቱ ወጥቷል፣ ቦርከና ወንዝ ጎድሏል፣ የእናትህ ፍየል መንታ ወልዳለች። ሰላምታዬ እዚህ ላይ ያበቃል። አሁን ወደ ጠቤ ልግባ።

ባለፈው ስደውልልህ «ዑመር ነግሮኛል፤ ያንቺን አልሰማም» ብለህ ዘጋህብኝ። ስለዚህ ስልኩን ትቼ ወረቀት ያዝሁ። ስልክ ይዘጋል፤ የተነበበ ደብዳቤ ግን ተመልሶ ያልተነበበ አይሆንም። እዚያው ጅዳ የምትሠራው ዓፊያ ከእረፍቷ ስትመለስ በእጅህ ታስረክብሃለች። አንብበህ እስክትጨርስ ፊትህ ቆማ እንድትጠብቅ አደራ ብያታለሁ።

አሥራ ሁለት ዓመት ብዙ ነውና ማን እንደሆንሁ ጠፍቶህ ከሆነ፣ የዓብዱልመጂድ ልጅ ሙና ነኝ። አባትህና አያቴ ወንድማማቾች ነበሩ። አንተ ስትሄድ እኔ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ፤ በሽኝትህ ቀን የሻንጣህን ቁልፍ የደበቅሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አድጌ፣ ኮምቦልቻ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ፣ በወዳጅህ በዑመር ጋራዥ ስሠራ ነበር። «ነበር» የምትለዋን ልብ በልልኝ።

ነገሩ ይህ ነው። ወንድምህ ቶፊቅ የሚነዳት ሚኒባስህ ማሞቂያዋ ለብ ያለ ነፋስ እንጂ ሙቀት አይሰጥም። ከሚሴ ላይ ይህን ማንም አያውቅም፤ እዚህ ማሞቂያ የሚከፍት ሹፌር ቢገኝ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ዱዓ ያስደርግለታል። ግን መኪናዋ አዲስ አበባ የምትገባው በጣርማ በር አልፋ ነው። ደብረ ሲናን ለቃ ዳገቱን ስትይዝ ጉሙ ከውጭ፣ የተሳፋሪው ትንፋሽ ከውስጥ የፊት መስታወቱን ይሸፍኑታል። ያንን የሚገፈው ትኩስ ነፋስ ብቻ ነው። በጳጉሜን ቶፊቅ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ፎጣ ይዞ መስታወቱን እየጠረገ ሲወጣ የገደሉን መከላከያ ግንብ በጎን ገጭቶ ቆመ። ግንቡ ባይኖር ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ለለቅሶ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልተጎዳም።

ከግጭቱ በፊት በነሐሴ፣ ዑመር «የማሞቂያው መተላለፊያ ተደፍኗል፤ እጠቢው» ብሎ አዞኝ አጥቤዋለሁ። የወጣው ንጹሕ ውሃ ነው። «ጋሽ ዑመር፣ ይሄ አልተደፈነም። ሞተሩ ራሱ አይሞቅም። ቴርሞስታቱን ስላወጣኸው ነው» አልሁት። ሳቀና ወደ ሌላ መኪና ሄደ።

ግጭቱ ሲሰማ ግን አልሳቀም። ደንበኞቹ በር ላይ ተደርድረው ሻይ በሚጠጡበት ሰዓት፣ እኔ ከመኪና ሥር ተኝቼ እየሠራሁ፣ «ቱቦውን ገልብጣ የገጠመችው ይቺ ናት! እኔ ድሮም ሴት መፍቻ ትያዝ አላልሁም!» ብሎ ጮኸ። ከመኪናው ሥር ስወጣ «ዲግሪሽን ውሰጂና መስታወት ጥረጊበት» አለኝ። ተሳቀ። ቱታዬንም ከጋራዡ አጥር በላይ ወደ መንገድ ወረወረው፤ ባጃጅ ሄደበት።

ያው ቱቦ ዛሬም እንደገጠምሁት አለ። ሄዶ ያየ ሰው ግን የለም። የከሚሴ ጋራዦች ሁሉ አሁን «የጣርማ በሯ መጣች» ይሉኛል፤ ሥራ ስጠይቅ በሳቅ ይሸኙኛል።

ገንዘብ አልጠይቅህም። ቶፊቅ ኮፈኑን ከፍቶ መኪናዋን እንዲያስረክበኝ እዘዘው። የጠፋውን ስሜን እዚያው ከጠፋበት አወጣዋለሁ። አንተንም ሳይመለከትህ አይቀርም፤ እናትህ እማ ዙቤይዳ በታኅሣሥ መጨረሻ ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ ይሄዳሉ። በዚያችው መኪና፣ በዚያው ዳገት።

አላህ ሐቅን ከሚያዩት እንጂ ወሬ ብቻ ከሚሰሙት አያድርግህ።

ያልበደለችህ ዘመድህ፣
ሙና ዓብዱልመጂድ


ጅዳ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙና

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜና ማስተዋል ይስጥሽ። አባትሽን፣ እናትሽን፣ ጎረቤቱን በሙሉ አካም ጅርቱ በይልኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዓፊያ እንዳልሽው ፊቴ ቆማ አስነበበችኝ፤ የአሠሪዬ ልጆች ፍርድ ቤት የቀረብሁ መስሏቸው በመስኮት ያዩኝ ነበር።

ልጄ፣ ተምረሻል፤ በዚህ እኮራለሁ። ነገር ግን ዑመር ከአንቺ መወለድ በፊት መፍቻ የያዘ ሰው ነው። እኔ ስወጣ ቶፊቅን መንዳት ያስተማረው፣ የአባቴን ቀብር ያስፈጸመው እሱ ነው። ያ ሰው ሐሰት ይናገራል ብዬ በሩቅ ሆኜ እንዴት ልፍረድ? ቴርሞስታት የምትይውንም ጠይቄዋለሁ። «የቆላ መኪና አይፈልገውም፣ ያፈላዋል» አለኝ። ሰንበቴ ገበያ ከሚመጡት የጭነት መኪኖች ሁሉ አውጥቶላቸዋል፤ አንድም አልሞተም አለኝ።

ማሞቂያም ቢሆን የምቾት ነገር ነው። እናቴን በጋቢና በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ውሰዷት። ቶፊቅም ረጋ ብሎ ይንዳ፤ ፎጣ አይጠፋውም።

አንቺ ደግሞ አንደበትሽ ስለት ነው። ሰው ፊት ትልቅ ሰውን «ተሳስተሃል» ማለት ምን ይጠቅማል? ሄደሽ ዑመርን አፉ በለኝ በዪው። ይመልስሻል፤ ቃል ገብቶልኛል።

የእናቴን ዓይን ሁኔታ ደግሞ ሳትሸፋፍኚ ጻፊልኝ። ቶፊቅን ስጠይቀው «ደህና ናት» ከማለት በቀር አይነግረኝም።

ወንድምሽም አባትሽም የምሆን፣
ከማል


ከሚሴ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ከማል

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ከፀሐዩ ይከልልህ፣ ከአሠሪም ክፉ ይጠብቅህ።

በጠየቅኸኝ ልጀምር። የእናትህ የቀኝ ዓይን የሰው መልክ አይለይም፤ በድምፅ ነው የሚያውቁን። ግራው ገና አለ፤ ሐኪሞቹ ቶሎ ከመጡ ይተርፋል ብለዋል። ቶፊቅ ያልነገረህ እንዳትጨነቅ ነው። እኔ የምነግርህ እንድትጨነቅ ነው።

ዑመርን «አፉ በለኝ» በዪው አልኸኝ። አልልም። ባልሠራሁት ጥፋት «አፉ በለኝ» ካልሁ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ይቀራል፤ መኪናዋም እንደ በረደች ትቀራለች። ለሰው ብዬ አንዱን ልቻል፣ ሁለቱን አልችልም።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ላስረዳህ፤ ሹፌር ነህና አይከብድህም። ቴርሞስታት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል የምትቆም ትንሽ በረኛ ናት። የሞተሩ ውሃ ቀዝቃዛ ሲሆን በሩን ዘግታ ውሃውን እዚያው ታሞቀዋለች። ሲግል ራሷ ከፍታ ወደ ራዲያተሩ ታሳልፈዋለች። የማሞቂያው ሙቀት የሚመጣው ከዚያ ከሞቀው ውሃ ነው። በረኛዋን ካባረርህ ውሃው ሳይሞቅ ገና ወደ ራዲያተሩ ይሮጣል። ከሚሴ ላይ አየሩ ራሱ ሙቅ ስለሆነ አይታወቅም። ጣርማ በር ላይ ግን ሞተሩም ይበርደዋል፤ ናፍጣውንም ያለ ልክ ይጠጣል።

ዑመር እነዚህን በረኞች አውጥቶ አይጥላቸውም። በሽቦ ሰክቶ በጋራዡ ግድግዳ ላይ እንደ ሙስበሃ መቁጠሪያ አንጠልጥሏቸዋል። ደንበኛ ሲመጣ በጣቱ እየቆጠረ «ይህ የእከሌ፣ ይህ የእከሌ» ይላል፤ እንደ ገዳይ። ያንተም መኪና በረኛ እዚያ ተሰቅላለች። «የጋሽ ከማልን ስጠኝ» ብዬው ነበር፤ «ሞታለች፤ ሬሳ አላወጣም» አለኝ። ኮምቦልቻ ወርጄ መለዋወጫ ቤቶቹን ጠየቅሁ። «ማን ይገዛዋል ብለን እናመጣለን?» አሉኝ።

ወሬ ብቻ እንዳይመስልህ ሞክሬዋለሁ። ባለፈው ሳምንት በገዛ ገንዘቤ ተሳፍሬ ከቶፊቅ ጎን ተቀመጥሁ። ደብረ ሲና ላይ የብስኩት ካርቶን ለመንሁና «ነፋሱ ሞተሩን እንዳያበርደው ራዲያተሩ ፊት ልሰካው» አልሁት።

«መፍቻ ካልነካሽ ምን ቸገረኝ» አለ። «ግን መኪናዋ ብትፈላ ለወንድሜ የምነግረው ስምሽን ነው።»

«ስሜ ከዚህ በላይ የት ይወርዳል? ንዳ።»

ዳገቱን ስንይዝ የሙቀት መለኪያው መርፌ፣ ዑመር በረኛዋን ካወጣ ጀምሮ ተኝቶ የኖረው፣ ቀስ እያለ ተነሣ። ከዚያ ነፋሱ ለብ ከማለት አልፎ ሞቀ። መስታወቱ ከሥር ወደ ላይ እየጠራ ሄደ። ቶፊቅ ፎጣውን ጣለና «ውይ! ውይ ሙና!» አለ። ከኋላ የተቀመጡ ሴትዮ «ሹፌር፣ ዛሬ ምን በልተሃል? ዓይንህ በራ!» አሉት።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ግን መርፌው መውጣቱን አላቆመም፤ ወርጄ ካርቶኑን አነሣሁት። ካርቶን መዝጋት እንጂ መክፈት አያውቅም። የሚያውቀው እውነተኛው ነው። እሱ ከሌለ ወይ እንበርዳለን ወይ እንፈላለን።

ቶፊቅ አሁን ያምነኛል። ሆኖም «ወንድሜ ሳይፈቅድ መፍቻ አታስነኪኝ» ይላል። እምነቱ እስከ ካርቶን ነው።

አሁን ለአንተ አንድ ጥያቄ አለኝ። ዑመር «የቆላ መኪና አይፈልገውም» ብሎሃል። ጅዳ ከከሚሴ ትሞቃለች ወይስ አትሞቅም? እንግዲህ አሠሪህ የምትነዳላቸውን ያንን ትልቅ መኪና ወደሚያሠሩበት ቦታ ሂድና «ቴርሞስታት አለው ወይ?» ብለህ ጠይቅ። የለውም ካሉህ ቱታዬን ለዑመር እሰጠዋለሁ፤ አጥቤም እሰጠዋለሁ። አለው ካሉህ ግን አንድ ገዝተህ ላክልኝ። የሞተሩን ቁጥር ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌልሃለሁ።

እናትህ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጠዋል። «ከማል ምን አለ?» ቢሉኝ «በብርድ ልብስ ጠቅልሏት» እንዳልህ ነገርኋቸው። «እኔ ድንች ነኝ እንዴ የምጠቀለለው?» አሉ። እኔ አልጨመርሁበትም።

ሙና


ጅዳ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙና

ሰላምታዬ የአላህ ሰላም ነው፤ በአንቺም በቤቱም ላይ ይሁን። መልሴ የዘገየው ስላኮረፍሁ ነው። መዋሸት አያስፈልግም።

የጠየቅሽኝን ለመጠየቅ ብዙ ቀን እንቢ ብዬ ቆየሁ። መልሱ ምን ሊሆን እንደሚችል ሳልጠረጥር አልቀረሁም መሰለኝ። በመጨረሻ መኪናዋን ዘይት ላስቀይር የሄድሁ ጊዜ ፓኪስታናዊውን መካኒክ በተሰባበረ ዐረብኛዬ ጠየቅሁት። «ይህች መኪና ቴርሞስታት አላት?» አልሁት። አየኝ። «አንተ ልብ አለህ?» አለኝ። «አገሬ ሙቀት ነው ብለው ያወጡታል» ስለው ጓደኞቹን ጠራና እንድደግምላቸው አደረገኝ። አራት ሰው ሳቀብኝ። ፀሐዩ ደግሞ ያን ዕለት ብረት ያቀልጣል።

አንቺ በከሚሴ የተሳቀብሽን ያህል ባይሆንም ቀመስሁት።

ዕቃውን ከነማሸጊያው ገዝቻለሁ፤ አንድ ቢበላሽ ብዬ ሁለት አደረግሁት። እዚህ አብሮኝ የሚሠራው ሙህዲን ወደ አገር ስለሚገባ በእጁ ልኬልሻለሁ።

አሁን ግን አንድ አደራ አለብሽ። የሚገጥመው ዑመር ይሁን። አንቺ አጠገቡ ቁሚና አሳዪው፤ ሰው ፊት ግን ዝም በይ። እሱም ፊቱ ሳይወድቅ፣ መኪናዋም ሳትበርድ፣ ነገሩ ሁሉ በሰላም ያልቃል። ለአባቴ ቀብር ያደረገውን አልረሳም። አንቺ ገና ወጣት ነሽ፤ ስምሽ ይመለሳል። የሽማግሌ ስም ከወደቀ አይነሣም።

ለእናቴ ዓይን ዱዓ እያደረግሁ ነው። ድንች አይደለችም በያት።

ከማል


ከሚሴ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ከማል

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የሰጠኸን የማይጎድልብህ፣ የተሳቀብህም ወደ ዱዓ የሚለወጥልህ ይሁን።

ደብዳቤህን ለእማ ዙቤይዳ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። ስለ ፓኪስታናዊው ስደርስ ሳቁ፤ «አደራ» የምትለው ላይ ስደርስ ግን ፊታቸውን አዞሩ። እኔም ደሜ ፈላ። ሰው ፊት አዋርዶ የጣለኝን ሰው፣ ሰው ፊት ዝም ብዬ ላንሣው? የሽማግሌ ስም አይነሣም አልህ። የሴት ልጅ መካኒክ ስምስ ስንት ጊዜ የሚነሣ መሰለህ?

ቢሆንም አደራህን አልበላሁም። በማግሥቱ ዕቃውን ይዤ ዑመር ጋራዥ ሄድሁ፤ ደንበኞቹ ያው በር ላይ ናቸው። «ጋሽ ዑመር፣ ጋሽ ከማል ከጅዳ ልኮታል። ግጠመው ብሏል» አልሁት።

ገልበጥ አድርጎ አየው። «ይህን መኪና ውስጥ ብከት ይህ እጄ ይቆረጥ!» አለ።

«ጽናትህን እወዳለሁ። አደራውን ሰምታችኋል?» ብዬ ደንበኞቹን ጠየቅሁ። «ሰምተናል» አሉ። «እንግዲህ ነገ ከእማ ዙቤይዳ ግቢ በር ላይ እኔ እገጥመዋለሁ። ማየት የፈለገ ይምጣ።»

«ፈልታ ስትቆም እኔ ገመድ ይዤ እመጣለሁ!» አለ ዑመር።

«ድስት ነው የሚያስፈልገው፤ ገመዱ ይቅርብህ» አልሁት።

በማግሥቱ የግቢው ፊት በሰው ተሞላ። ባጃጆቹ መንገድ ዳር ቆሙ፤ የሰንበቴ ጭነት ሹፌሮች ሳይቀሩ መጡ። እናትህ በር ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ። «እኔ አላይም፤ የሚሆነውን ንገሩኝ» አሉ። ቶፊቅ ለእሳቸው ተናጋሪ ሆነ።

ከሰል አቀጣጥዬ የእናትህን ትልቁን ድስት ጣድሁ። ያንተን ቴርሞስታት በክር አሥሬ ውሃው ውስጥ ሰቀልሁት። ሰው ተሳሳቀ፤ «ወጡ መቼ ይደርሳል?» ያለም ነበር። ዑመር ያኔ ደረሰ። ከሙስበሃው አንዷን ፈትቶ ይዞ ነበር፤ በዝገት የጠቆረች። «ይቺ የአይሱዙ ናት። ቆላ ላይ ተዘግታ ሞተር አቃጥላለች። ይቺንም ቀቅያት» አለኝ። ጎን ለጎን ሰቀልኋት።

ውሃው መጫጫስ ጀመረ። ምንም የለም። ፊኛ ፊኛ አለ። ምንም የለም። «አየሽ!» አለ ዑመር። ከሰሉን አራገብሁ፤ መፍራቴን ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ። ከዚያ ያንተዋ፣ አዲሷ፣ ማንም ሳይነካት፣ ቀስ ብላ አፏን ከፈተች።

ቶፊቅ «እማ፣ ከፈተች! በራሷ ከፈተች!» ብሎ ጮኸ።

የዑመር ግን ውሃው እስኪፈላ፣ ከፈላም በኋላ፣ እንደተዘጋች ቀረች።

«እኔ ምን አልሁ?» አለ ዑመር ዙሪያውን እያየ። «ይዘጋል! መኪና ገዳይ ነው!»

«ልክ ነህ ጋሽ ዑመር» አልሁት። ሰው ሁሉ ዞር አለብኝ። «ይቺ ታማ ነበር፤ ማውጣትህ ትክክል ነው። መድኃኒቱ ግን ጤነኛ መተካት ነበር። አንተ አንዷ ስለታመመች የከሚሴን ሁሉ ሰቀልህ።» አዲሷን ከውሃው አውጥቼ በአየር ላይ ያዝኋት። ስትቀዘቅዝ፣ ሁሉም እያየ፣ አፏን መልሳ ገጠመች። አንዱ የሰንበቴ ሹፌር «ወላሂ፣ የኔም አልታመመም ነበር!» አለና ወደ ዑመር ተመለከተ። የቀሩትም ተመለከቱ።

ከዚያ ኮፈኑን ከፈትሁ። ውሃውን አፈሰስሁ፣ አሮጌውን ማሸጊያ ፍቄ አጸዳሁ፣ በረኛዋን ቦታዋ አስገብቼ አጠበቅሁ። አፍንጫዋ ወደ ዳገቱ እንድትሆን መኪናዋን አቁሜ፣ ውስጥ የቀረው አየር እስኪወጣ ውሃውን ቀስ እያልሁ ሞላሁ። ዑመር ገልብጣ ገጥማዋለች ያለውንም ቱቦ ለሁሉም አሳየሁ፤ መጀመሪያ እንደተሠራው ቀጥ ብሎ ነበር። ማንም «የጣርማ በሯ» አላለም። አንድ ሰው ብቻ በቀስታ «ኢንጂነር፣ የእኔንስ መቼ?» አለኝ።

የእናትህ ጉዞ ደረሰ። ቶፊቅ ነዳ፣ እኔ ከጎኑ፣ እማ ዙቤይዳ ከኋላዬ፤ ጋቢውን በጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው። ደብረ ሲናን አልፈን ጉሙ መጣ። ማሞቂያውን ከፈትሁ። መርፌው መካከል ላይ ቆመ፤ አልወረደም፣ አልወጣም። ትኩሱ ነፋስ መስታወቱን ገፎት ሄደ። ቶፊቅ የገጨውን ግንብ ጥርት አድርገን አየነው፤ ቀለሙ አሁንም ግንቡ ላይ አለ። ሰላም ብለነው አለፍን።

ጫፉ ላይ ስንደርስ እናትህ ጋቢውን ወረወሩብኝ። «ሆኤ! ሆኤ! ጩፊ እንጂ!» ብለው ጮኹ። ሞቀ፣ ዝጊው ማለታቸው ነው። በጣርማ በር ላይ፣ በታኅሣሥ ብርድ! ቶፊቅ እስኪያስነጥሰው ሳቀ።

የግራ ዓይናቸው ተሠርቷል። ማሰሪያው ሲፈታ መጀመሪያ ያዩት የእኔን እጅ ነው። «ጥፍርሽ ሥር ግሪስ አለ» አሉኝ። ከዚህ የበለጠ ምሥራች የለኝም።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅህ አድርጌያለሁ። እናትህ «ይህ የግቢ ፊት ለፍየል ብቻ ምን ይሠራል?» ብለው በሩን ከፍተውልኛል። እስከ ዛሬ አምስት መኪና ገብቷል። ፈቃድህ ከመጣ ደስ ይለኛል። ካልመጣም እናትህን ተከራከራቸው።

ሙና


ጅዳ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙና፣ ለእናቴ ዓይንም እጅም ለሆንሽ

አላህ ሠሪነትሽን ይባርክ። እናቴ በስልክ «ያንተን መኪና ሰማያዊ ናት ስትሉኝ ነበር፤ አረንጓዴ ናት» አለችኝ። ያኔ ድምፄ የተቆራረጠው ስላለቀስሁ ነው፤ መስመሩ አልተበላሸም ነበር።

በደልሁሽ። የአንዱን ወዳጄን ውለታ በአንቺ ስም ከፈልሁ። ስልክም ዘጋሁብሽ። አፉ በይኝ።

ግቢው ያንቺ ነው። መኪናዋም ሌላ እጅ አይንካት። ቶፊቅን ነግሬዋለሁ። በር ላይ ምን ብለሽ እንደምትጽፊ ግን አሳውቂኝ፤ ሰሌዳውን እኔ ላሠራልሽ።

ከማል


ከሚሴ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ከማል

አሰላሙ ዓለይኩም። አፉ ብያለሁ። ጌታም አፉ ይበልህ። ከእንግዲህ ስትደውል እኔም አልዘጋብህም፤ ብዙ ካላወራህ።

ሰሌዳው ተሠርቶ ተሰቅሏል፤ አመሰግናለሁ፣ ግን ዘግይተሃል። በትልቁ «የጣርማ በሯ ጋራዥ» ይላል። የሳቁብኝ ሰዎች አሁን መኪናቸውን ይዘው አድራሻ የሚጠያየቁበት ስም እሱ ነው። እናትህ በግራ ዓይናቸው በየጠዋቱ ያነቡታል፤ ማንበብ ባይችሉም ቅርጹን ያውቁታል።

ይህን የምጽፍልህ ግን ስለ ትናንት ነው። ከሰዓት በኋላ የዑመር ፒክአፕ በር ላይ ቆመች። ራሱ ወረደ። በእጁ ሽቦው ነበር፤ ሙስበሃው በሙሉ፣ እየተንቀጫቀጨ። ልጁ ደብረ ብርሃን አግብታ አራስ ናት፤ ሊጠይቃት ወጥቶ ከጣርማ በር ተመልሷል። መስታወቱ አላሳየው ብሎ።

ሰው ሁሉ ሥራውን አቆመ። ቶፊቅ ሳይቀር ሻዩን አስቀመጠ።

«ምን ሆነ ጋሽ ዑመር?» አልሁት።

«ማሞቂያው…» አለ ወደ መሬት እያየ። «ለብ ያለ ነው የሚነፋው።»

«አልሰማሁም። ሰዎቹም አልሰሙም።»

ቀና አለ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ጊዜ ትንሽ አከበርሁት። «ለብ ያለ ነው የሚነፋው!» አለ በሙሉ ድምፁ። «ቱቦውም አልተገለበጠም ነበር። ያኔም አልተገለበጠም። እኔ ነኝ የዋሸሁት።» ሽቦውን ዘረጋልኝ። «ሁሉንም ቀቅያቸው። የዳኑትን ለየባለቤቱ መልሺ። የእኔም እዚሁ ውስጥ አለች።»

ድስቱን ጣድን። አንዳንዶቹ ተዘግተው ቀሩ። የሚበዙት ግን አንድ በአንድ አፋቸውን ከፈቱ፤ ያለ ጥፋታቸው ግድግዳ ላይ ከርመው። ዑመር እነሱ በከፈቱ ቁጥር የባለቤቱን ስም ይጠራ ነበር፤ ያንተን ሲጠራ ቀና ብሎ አየኝ። የአባትህን ቀብር አሰብሁ፤ ውለታውን እኔም አልረሳም። ሻይ አስቀዳሁለት።

ሻዩን ሲጨርስ ተነሥቶ ኮፈኑን ሊከፍት ሄደ።

«ጋሽ ዑመር» አልሁት። «ከዚያ ከባጃጁ በኋላ ነህ። ተራህን ጠብቅ።»

ተመልሶ ተቀመጠ። ጠበቀ።

ሙና ዓብዱልመጂድ
የጣርማ በሯ ጋራዥ፣ ከሚሴ